የዳክዬዎቻችን ጠበል

ዛሬ ጠዋት ለዳክዬዎቼ የሠራሁትን ትንሽ ገንዳ ሳጥብ፣ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ባዶ ጀሪካን ይዘው ብቅ አሉ። «ጠበል ፈለቀልህ ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም። ላሊበላ ውስጥ ድንጋይ ፈልፍለህ ውሃ ከሞላህበት፣ ለዳክዬ ነው ብትል ማን ያምንሃል?

በደርግ ጊዜ አባቴም እንዲሁ ዓይነት ገንዳ ሠርቶ ነበር። ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ያዘነበለ ነው፤ ከጥጉ ውታፉን ስትነቅለው እድፉ ሁሉ ጓሮ ያለው ጎመን ውስጥ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ደጃችን በሕመምተኛ ተሞላ።

የቀበሌው ካድሬ መጣና «ጠበል የሚባል ነገር የለም፤ ይሄ ኋላ ቀርነት ነው፤ ያሳስራል» ብሎ ሰዉን በተነ።

አባቴ «እኔስ መቼ ጠበል ነው አልኩ፣ ጓድ? የዳክዬ መታጠቢያ ነው» አለ።

ካድሬው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለወገብ ይሆናል?» አለው።

አባቴ ወጥመድ መሰለውና ውታፉን ነቀለው። ውሃው ወደ ጎመኑ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ጓድ ካድሬ ከእኛ ጓሮ ካልሆነ ጎመን አልበላም አለ። ወገቡም ተሻለው። እኛን የጎዳን መዳኑ ነው፤ ቆሞ መናገር ስለቻለ ስብሰባው ረዘመብን።

በእናንተስ ሰፈር ካድሬው ተደብቆ የሚሳለመው ምን ነበር?