ታንጊ አናናሱን ለብሶ የተኛ ዕለት

ቴፓኤሩ መርፌና ክር ያልነበረበትን ቀን አታስታውስም። በልጅነቷ፣ ኦኔሮዋ በተባለው የእናቷ መንደር፣ ዓይናቸው ለደከመ አሮጊቶች መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባው እሷ ነበረች። ሴቶቹ ቲቫይቫይ የሚሉትን ሰፊ የአልጋ ልብስ በረንዳው ላይ ዘርግተው፣ ዙሪያውን ከበው ሲሰፉ፣ እሷ በሆዷ ተኝታ ታያለች። አንዱን ክር አስገብታ ሳትጨርስ ሌላ እጅ "ወዲህ በይ እንጂ!" ብሎ ይዘረጋባታል። ቀይ ጨርቅ በአራት ታጥፎ በመቀስ ይቆረጣል፤ ሲዘረጋ ቅጠልና አበባ ሆኖ ይወጣል። ያንን በነጩ ጨርቅ ላይ አስተኝተው፣ ጠርዙን በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ እያጠፉ ይሰፉታል። ያኔ በጣም ይገርማት ነበር፤ አሁንም፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ይገርማታል። መቀስ የገባበት ጨርቅ ብጥስጣሽ መሆን ሲገባው እንዴት አድርጎ የአትክልት ቦታ ሆኖ ይነሳል?

ጨርቁን የምትቆርጠው እናቷ ነበረች። ንድፎቿን ከዱቄት ከረጢት በወጣ ቡናማ ወረቀት ሠርታ፣ እንዳይጨማደዱ ፍራሿ ሥር ታኖራቸዋለች። የሰው ንድፍ ዝም ተብሎ አይወሰድም፤ የፈለገ ሰው ዓሣ ወይም ጎደሬ ይዞ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ ነው የሚጠይቀው። ከሁሉም የሚወደደው የአናናሱ ንድፍ ነበር፤ አራት ፍሬዎች ከመሐል ተነስተው ወደ አራቱ ማዕዘን የሚያድጉ፣ ቅጠሎቻቸው እንደ ነበልባል የሚወጡ።

ቴፓኤሩ ታንጊን አግብታ ደሴቱን ተሻግራ ወደ እሱ መንደር ወደ ኢቪሩዋ ስትሄድ እናቷ ያንን ወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። የአክስቷ ልጅ አካይቲ በሠርጉ ድግስ መሐል፣ አፏን በጎደሬ ሞልታ፣ ሁሉ እየሰማ ተናገረች።

"የኦኔሮዋን አናናስ ይዘሽ ትሄጃለሽ አሉ። ምን ልታደርጊው? ኢቪሩዋ ውስጥ በረሮ ይበላዋል እንጂ ማን ይሰፋዋል!"

ሰው ሳቀ። ቴፓኤሩም ሳቀች። ቃሉ ግን እንደ ተሰበረ መርፌ ጫፍ ውስጧ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ መጣ። ልጆች ተወለዱ፣ ጎደሬው ተተከለ፣ አሳማው አጥር ጥሶ ወጣ፣ ተመለሰ። ልጆቹ አድገው አንድ በአንድ ባሕር ማዶ ወደ ኦክላንድ ሲሄዱ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቲቫይቫይ ሰፍታ ሰደደች። የራሷ አልጋ ግን ከመታጠብ ብዛት በሳሳ አንሶላ ተሸፍኖ ኖረ። የመጨረሻዋ ልጅ ከሄደች በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ የእናቷን ወረቀት ከፍራሿ ሥር ያወጣችው። አካይቲ እንዳለችው፣ በረሮ የአንዱን ቅጠል ጫፍ በልቶት ነበር። ቴፓኤሩ ተናደደች፤ ቀጥሎም ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ሌሎቹን ቅጠሎች በጣቷ እየዳሰሰች የጎደለውን በአዲስ ወረቀት ሞላችው፤ መቀሷንም አነሳች።

የኢቪሩዋ ሴቶች በየሳምንቱ እየመጡ አብረዋት ሰፉ። እሷም ዶናትና በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል አበላቻቸው። ሥራው ሦስት ዓመት ፈጀ፤ ግማሹ ስፌት ከሆነ ግማሹ ሐሜት ነበር። ሲያልቅ ቴፓኤሩ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችውና ቆለፈችበት።

"ይሄ ሳጥን ከኔ የተሻለ ነው የሚተኛው" አለ ታንጊ።

"እንግዳ ሲመጣ ይወጣል።"

"እኔ በየቀኑ እመጣ የለ? አንድ ቀን እንኳ ልበሰው በይኝ።"

"ስትሞት እጠቀልልህበታለሁ፤ አይዞህ።"

"ያኔማ ምን ይሰማኛል! ሴትዮ፣ በሕይወት እያለሁ ልሙቀው እንጂ።"

"ገላህ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ? ሂድ ወዲያ!"

ይህ ጨዋታ የየሳምንቱ ነበር። እሱ ይለምናል፣ እሷ ትስቃለች፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ይውላል።

በዓመት አንድ ጊዜ የቤት ፍተሻ አለ። ነርሷና የሌላ መንደር ሴቶች ከቤት ቤት እየዞሩ ወጥ ቤቱን፣ ጓሮውን፣ ሽንት ቤቱን ያያሉ፤ በመጨረሻም አልጋው ጋ ቆመው የቤቲቱን ሴት የእጅ ሥራ ያያሉ። አልጋው ተወጥሮ መነጠፍ አለበት፤ ሽብሽብ ከተገኘበት ነጥብ ይቀነሳል፤ ብዙ ነጥብ ያገኘ ቤት አንደኛ ይባላል። በዚያ ዓመት ኢቪሩዋን የሚፈትሹት የኦኔሮዋ ሴቶች እንደሆኑ ተነገረ። ከመካከላቸውም አካይቲ ነበረች።

ቴፓኤሩን የአንደኝነቱ ነገር ብዙም አላጓጓትም፤ የፈለገችው ሌላ ነው። የእናቷ መንደር ሴቶች የእናቷን አናናስ ሙሉውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ተዘርግቶ እንዲያዩት። በተለይ አንዷ።

በዕለቱ ታንጊ ከጎረቤቱ ጋር በታንኳ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ አድሮ ነበር። ባሕር ላይ ያለ ሰው የፍተሻ ቀን አያስታውስም። ቴፓኤሩ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ግቢውን ጠረገች፣ መስኮቶቹን ወለወለች፣ ሳጥኑን ከፈተች። አናናሱን አልጋው ላይ ስትዘረጋው ክፍሉ በአንዴ ሌላ ክፍል ሆነ። ቀዩ በነጩ ላይ በራ። ጠርዙን አራት ጊዜ እየዞረች ወጠረች፤ ትራሱ ላይ አንድ ነጭ አበባ አኖረች። ከዚያ የአሳማውን ጋጣ ልታጥብ ወደ ጓሮ ወረደች።

ታንጊ በፊት ለፊት በር ገባ። ጨዋማ ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ደንግጦ ቆመ። አልጋው ተነጥፏል፤ ያውም በአናናሱ። ትራሱ ላይ አበባ አለ። ስንት ዓመት የለመነው ነገር፣ ባላሰበው ጠዋት፣ አንድ ቃል ሳትናገረው! አበባውን ጆሮው ላይ ሰካ፤ እግሩን በፎጣ ደግሞ አደረቀና፣ እንዳይቀደድ እንደሚፈራ ሰው ቀስ ብሎ ገባበት።

ቴፓኤሩ እጇን እየጠረገች ወደ ቤት ስትመለስ ሴቶቹ ደጃፉ ላይ ደርሰዋል። ነርስ ቱዋይኔ ወጥ ቤቱን አየች፣ ጓሮውን አየች፤ "ጎበዝ፣ ማማ ቴፓኤሩ፣ ወለሉ ላይ እንኳ ይበላል" አለች። አካይቲ በየመደርደሪያው በጣቷ አቧራ ፈለገች፤ አላገኘችም።

"እሺ፣ አልጋውን እንይ" አለች።

ቴፓኤሩ በሩን ከፈተችላቸው። አናናሶቹ መካከል አንድ ጉብታ ነበር። ከጉብታው ጫፍ የታንጊ ሽበታም ራስ ወጥቷል፤ አበባው ጉንጩ ላይ ወድቋል። ያንኮራፋል።

ቀድማ የተናገረችው አካይቲ ናት።

"ሰውዬው ሞቷል እንዴ? ለቅሶ ነው የመጣነው?"

"ሙት አያንኮራፋም" አለች ነርሷ ሳቋን አፍና።

የቴፓኤሩ ፊት ጋለ። እጇ ሊቀሰቅሰው ተዘረጋ። አንድ ጊዜ ብትነቀንቀው ይነሳል፤ ጨርቁ ይወጠራል፤ አካይቲ አይታ አፏን ትይዛለች። ነገር ግን አጎንብሳ ፊቱን አየችው። በእንቅልፉ ፈገግ ብሏል፤ እጁ የጨርቁን ጠርዝ እንደ ሕፃን ጨብጧል። ለምን እንደተኛ ያኔ ገባት። ለሱ ያነጠፈችለት መስሎታል። ብትቀሰቅሰው በመጀመሪያ የሚያውቀው፣ ለእንግዶቹ እንጂ ለሱ አለመነጠፉን ነው።

እጇን ሰበሰበች።

"ተዉት ይተኛ" አለች በሹክሹክታ።

"ምን ማለትሽ ነው?" አካይቲ ወገቧን ያዘች። "ከኦኔሮዋ ድረስ ያንን ድንጋያማ መንገድ የመጣሁት የባልሽን ማንኮራፋት ልሰማ ነው? ቀስቅሺው! ንድፉ ይታይ!"

"ባሕር ላይ አድሮ ነው የመጣው። አልቀሰቅሰውም።"

"ማማ ቴፓኤሩ" አለች ነርሷ በሐዘኔታ፣ "ካልተነጠፈ ነጥብ መቀነሴ ነው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

"ቀንሺ፣ ልጄ። አውቃለሁ።"

አካይቲ ቴፓኤሩን አየቻት፤ ታንጊን አየችው። ከዚያ ጉልበቷን እየደገፈች ወለሉ ላይ ተንበረከከች። አልጋው ጎን የተንጠለጠለውን ጠርዝ አንስታ ገለበጠችው፤ ስፌት የሚያውቅ ሰው የሚመረምረው በጀርባው ነውና። አንዱን አናናስ እስከ ታንጊ ክርን ድረስ በዓይኗ ተከተለች፤ ቀሪው በጉብታው ሥር ጠፋባት። አውራ ጣቷን በአንዱ ቅጠል ላይ ረዘም ላለ ጊዜ አመላለሰች።

"የአክስቴ መቀስ ነው" አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋን አደነደነች። "እዚህ ጋ ግን አንድ ስፌት ላልቷል።"

"እሱን የኢቪሩዋ ሴቶች አይደሉም የሰፉት፣ እኔ ነኝ።"

"ለዚህማ ነው የላላው!"

ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የተኛውን እንዳይቀሰቅሱ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አካይቲ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ "ወረቀቱን አንድ ቀን ልጠይቅሽ እመጣለሁ" አለች፤ "ዓሣ ይዤ።"

"ዓሣ እንኳ ሞልቶናል። ሌላ ነገር አምጪ።"

ሴቶቹ ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። ቴፓኤሩ ሙሉውን አናናስ ስላላዩት ትንሽ ቅር አላት፤ ትንሽ ብቻ። የረፋዱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ደርሳለች። ጫማዋን አወለቀችና፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ የጨርቁን ጫፍ አንስታ ከባሏ ጎን ገባች። ሦስት ዓመት የሰፋችውን ነገር ከሥሩ ሆና አይታው አታውቅም ነበር። ራሷን ሸፈነች። ብርሃኑ በነጩ ጨርቅ አልፎ እንደ ወተት ሲፈስ፣ ቀዩ ጥላ ሆኖ ቅጠሎቹ በላይዋ ተዘረጉ፤ እሷም ታንጊም እርሻ ውስጥ እንደተኙ ሆኑ። ትንፋሿን ያዘች።

"ሰው መጥቶ ነበር እንዴ?" አለ ታንጊ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"መጥተው ሄዱ።"

"ምን አሉ?"

"ታንኮራፋለህ አሉ።"

"ዋሽተዋል" አለና ወደ እሷ ዞረ። "ይሞቃል፣ አይደል?"

"ይሞቃል" አለች ቴፓኤሩ።