ክዳኑ መካነ ሰላም ነው

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት የፕላስቲክ ባልዲ ታቅፌ ነው። ባልዲው ጥጥ ተሞልቶ፣ በጥጡ መሀል በነጠላ የተጠቀለለ የጀርመን ፖርሴሊን የቡና ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው፤ ወገቡ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ አበቦች አሉት፣ አፉ ዙሪያ የወርቅ መስመር። ክዳን የለውም።

ዕድሜ ልኬን ከሳሎናችን ቡፌ ውስጥ ሳየው ስለኖርኩ የእኛ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ጥሩነሽ ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች በኋላ አንድ ጠዋት ጠራችኝና በጣቷ አሳየችኝ።

«እሱን ለባለቤቷ አድርሺልኝ። የሰው ዕቃ ቤቴ ተቀምጦ ልሞት ነው?»

«ማናት ባለቤቷ?»

«ዘሐራ ናታ። የይማም ሚስት። መካነ ሰላም።»

እዚህ ላይ የቤተሰባችንን ሞኝነት መናገር አለብኝ። ልጆች ሳለን «እማዬ፣ የዚህ ክዳን የት ሄደ?» ስንላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ክዳኑ መካነ ሰላም ነው።» እኛ የአዲስ አበባ ልጆች «መካነ» የሚለውን ቃል የምናውቀው ከመቃብር ጋር ነው። ክዳኑ ተሰብሮ በሰላም አርፏል ማለቷ መሰለን። ወንድሜ እንዲያውም ኳሱ በፈነዳ ቁጥር «መካነ ሰላም ገባች» ይል ነበር። ከማግባቷ በፊት ያስተማረችበትን አገር «ቦረና» ስለምትለው ደግሞ ደቡብ፣ የግመሎቹ አገር አደረግነው። ወንድሜ ለሥራ ያቤሎ የሄደ ጊዜ የእናቱን ስም እየጠራ ሲጠይቅ ውሎ የሚያውቃት አጥቶ ተመልሷል። ወሎ ውስጥም ቦረና የሚባል ወረዳ እንዳለ፣ ከተማውም መካነ ሰላም መሆኑን በአርባ ስድስት ዓመቴ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተማርኩ።

«ታዲያ ለምን ሳትመልሺላት ኖርሽ?» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በመንገዱ ሁሉ አብሮኝ የተጓዘው ያ ዝምታ ነው። እናቴ የሰው ዕቃ ወስዳ ቀርታ ይሆን? ወደ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት እዚያ ተቀምጣ ስሟን ስታነሳ ምን ስትል ኖራለች? መልሱን ፈርቼዋለሁ፤ ሳላውቀው መኖርም አልቻልኩም። መንገደኛ እየጠየቅሁ መንገዱ ሰላም ነው እስኪሉኝ ጠብቄ ኅዳር ውስጥ ተነሳሁ።

ደሴ

አውቶቡሱ ደሴ ያደረሰን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ፒያሳ አካባቢ አልጋ ይዤ፣ ሽሮዬን በልቼ፣ ማንቆርቆሪያውን ከጥጡ አወጣሁና ገልብጬ አየሁት። ይህ የእኔ በሽታ ነው። ሙያዬ ላቦራቶሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ሳይ እውላለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ አሮጌ የጀርመን የቡና ማንቆርቆሪያ እሰበስባለሁ። ሰፈር ሲፈርስ ሰዎች ከሚሸጡት ዕቃ መሀል አንድ አንድ እያልኩ ዐሥራ አንድ አድርሻለሁ። ባለቤቴ «ዐሥራ አንድ ማንቆርቆሪያ ያላት፣ ቡና በቴርሞስ የምትጠጣ ሴት» እያለ ያስተዋውቀኛል።

ከእያንዳንዱ ሥር ማኅተም አለ፤ ዘውድ ወይም አንበሳ፣ ከዚያም የቤተሰብ ስም። ብዙዎቹ ከቼክ ድንበር አጠገብ ባሉ ደናማ ኮረብታዎች ላይ አባት አቋቁሞ ለልጅ፣ ልጅም ለልጅ ልጅ ያወረሳቸው ፋብሪካዎች ናቸው። ይህንን ማንቆርቆሪያ የሠራውን ፋብሪካ ታሪክ የነገሩኝ ከቤተሰቡ የሚወለዱ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ የማኅተሙን ፎቶ ልኬላቸው በኢሜይል መለሱልኝ። መሥራቹ በቀለም አበባ የሚሥል ሠራተኛ ነበር። እሱ ሲሞት ሚስቱ እቶኑን ሳታጠፋ ልጆቿን አሳደገችበት። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ግን ተጣሉና ታናሹ ከወንዙ ማዶ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ ሳይለዋወጡ ተመሳሳይ ማንቆርቆሪያ ሲሠሩ ኖሩ። ዛሬ አንዳቸውም የሉም።

«ገላውና ክዳኑ አብረው ነው እቶን የሚገቡት» ብለው ጽፈውልኛል ሴትየዋ። «ሠራተኛው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር በቀይ ይጽፋል። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ክዳኑ የዚያ አይደለም።» እንደ እንጀራ ልጅ፣ የእንጀራ ክዳን መሆኑ ነው እንግዲህ በእኛ አማርኛ።

ከደሴ ወደ ምዕራብ

በማግስቱ ጠዋት የሚኒባሱ ሹፌር ባልዲውን ጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ካልጫንኩ አለ።

«በራድ ነው፣ ይሰበራል» አልኩት።

«በራድ ደግሞ መቼ ይሰበራል? ቆርቆሮ አይደል፣ ይጣመም እንደሆን እንጂ!»

አጠገቤ የተቀመጡት ወደ አቀስታ የሚሄዱ የገብስ ነጋዴ ሴትዮ ግን ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩና «አብሽሪ፣ በየተራ እንታቀፈዋለን» አሉኝ። ቃላቸውን ጠበቁ። እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ባልዲው እሳቸው ጭን ላይ ነው፤ እሳቸው ሲያንቀላፉ እኔ ጋ።

ጉጉፍቱ ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች በጭጋጉ ውስጥ ሰው መስለው ቆመዋል። ሴቶች ትኩስ የተቀቀለ ድንች በጨውና በበርበሬ ይሸጣሉ፤ በሃያ ብር ገዝተን እጃችንንም ሆዳችንንም አሞቅንበት። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ሜዳውም ተዳፋቱም ገብስ ነው፤ ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ። ኮረኮንቹ ላይ ሚኒባሱ ሲዘል ሁላችንም አብረን እንዘላለን። አቀስታ ላይ ምሳ በላን። ሴትዮዋ ሲወርዱ ባልዲውን እንደ ሕፃን አቀበሉኝና «አላህ በሰላም ያግባሽ» ብለውኝ ሄዱ።

አንድ ቦታ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ጥጡን በጣቱ በርብሮ ማንቆርቆሪያውን አወጣ።

«የማን ነው?»

ከዚህ የከበደ ጥያቄ ሊጠይቀኝ አይችልም ነበር። «የአደራ ዕቃ ነው» አልኩት። አደራ ሲባል እጁ ወዲያው ረጋ አለ። በሁለት እጁ መልሶ ጥጡ ውስጥ ከተተውና «በይ ግቢ» አለኝ።

መካነ ሰላም

ከተማው ስንገባ ገበያ ነበር። እህል የጫኑ አህዮች፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ተማሪዎች፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ይተላለፋል። ዕድሜው ሠላሳ የሚሆን የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ገብቼ የይማምን ሚስት ዘሐራን ጠየቅሁ።

«ሸህ ይማም እንኳ ሞተዋል፣ አላህ ይዘንላቸው። እማማ ዘሐራ ግን አሉ። ምናቸው ነሽ?»

«የአስተማሪዋ የጥሩነሽ ልጅ ነኝ።»

ሜትሩን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። «በራዷን ይዛ የጠፋችው?»

ይህ ሰው ያኔ አልተወለደም ነበር። የፈራሁት እዚህ ከጨርቅ ሱቅ ጀምሮ ጠበቀኝ። ነጋዴው ግን ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ራሱ እየመራ ወሰደኝ። መንገድ ላይ ለሁለት ሰው ነገረ፤ እኔ ግቢው ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።

እማማ ዘሐራ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው አይታዘዝም፣ ዐይናቸው ግን ንቁ ነው። ምራታቸው ፋጡማ ማን እንደሆንኩ ነገረቻቸው።

«እስቲ ተናገሪ፣ ድምጥሽን ልስማው» አሉኝ።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«እሷው ናት። ወላሂ፣ የጥሩዬ ድምጥ ነው! መርሐባ ልጄ። አለችልኝ?»

«አለች። ይህን ላከችልዎ።»

ማንቆርቆሪያውን አውጥቼ ከፊታቸው አስቀመጥኩ። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። የባላቸው እህት እማማ ሐዋ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡና አበቦቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«አስተማሪዋ በላችሽ ስልሽ የኖርኩ እኔ ነኝ፣ ዘሐራ። ለመጣ ለሄደው ያወራሁ እኔ ነኝ። አንቺ ግን ትመጣለች እንጂ አትበላኝም ትይ ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «ለእናትሽ ንገሪልኝ። ሐዋ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አለችሽ በያት።»

አለቀስኩ። በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ እዚያ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

እማማ ዘሐራ ነገሩን ከመነሻው ጀምረው አወጉን። እናቴ በሃያ ሁለት ዓመቷ ተመድባ ስትመጣ ግቢያቸው ነው የተከራየችው። ማንቆርቆሪያውን ሸህ ይማም ከደሴ ገዝተውላቸው ነበር። ጀርመኖቹ ለቡና የሠሩትን እነሱ በራድ ብለው ሻይ አቀረቡበት፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሁለቱ ሴቶች ሻይ የሚጠጡት ከሱ ነው። የእናቴ የዝውውር ደብዳቤ ሲመጣ እማማ ዘሐራ ዕቃውን ለሁለት ከፈሉት።

«ገላውን አንቺ ያዢ፣ ክዳኑ እኔ ዘንድ ይቅር፣ ስትመጪ ይገናኛሉ አልኋት። እንዳትቀርብኝ ብዬ።»

እናቴ ይዛ የሄደችው የቀጠሮ ግማሽ ነበር።

ፋጡማ ከሳጥን ውስጥ በሻሽ የተቋጠረ ክዳን አምጥታ ሰጠችኝ። ገና ስይዘው አወቅሁ። ንጣቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የወርቁ መስመር ወፈር ይላል። ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ማንቆርቆሪያው ሥር ያለው ቀይ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ነው፤ ክዳኑ ሠላሳ አንድ ይላል። ከወንዙ ማዶ ያለው የታናሽ ወንድምየው ቤት ሥራ ሳይሆን አይቀርም። አፉ ላይ ሳስቀምጠው ትንሽ ተንገዳግዶ ተቀመጠ።

«ገጠመ?» አሉኝ እማማ ዘሐራ። ዐይናቸውን ከፊቴ አልነቀሉም።

ሐዋ አጠገቤ ናቸው። የጨርቅ ነጋዴው በር ላይ ቆሟል። እነዚህ ሰዎች የእናቴን ስም አሁን ገና አጥበው መለሱልኝ፤ እኔ የዘሐራን ስም በፊታቸው ላቆሽሽ?

«ገጠመ፣ እማማ።»

ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

ጎረቤቱ ሁሉ ተመርቆና መርቆ ሲወጣ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። እማማ ዘሐራ ክዳኑን አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ፊትሽ ውሸት አይችልም» አሉኝ። «ያኛውን ሁለተኛው ልጄ ገና ድክ ድክ ሲል ሰበረው። ጥሩዬ በሄደች በዓመቱ። ደሴ ድረስ ሄጄ ከአረቡ ሱቅ ይኸን ለምኜ አመጣሁ። ለሌላው ሰው ያው ነው። እሷ ግን በጣቷ ታውቀዋለች። አድራሻዋን ያመጣልኝ ሰው ነበር፤ ነይ ብዬ ላስጽፍ እነሳና ክዳኑን ሳስብ እተወዋለሁ። ሐዋ ሌባ ስትላት፣ ኧረ እኔ ነኝ ያልጠራኋት ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ስሟን አስጠፋሁ።»

ስልኬን አወጣሁ። «አሁን ላገናኝዎት?»

«በስልክ አይነገርም እንዲህ ያለ። አንቺ ፊቷን እያየሽ ንገሪልኝ። አውፍ ትበለኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ስሰናበት ማንቆርቆሪያው ከነእንጀራ ክዳኑ መስኮቱ ሥር ነበር። እማማ ሐዋም እዚያው ተቀምጠዋል። እማማ ዘሐራ ሌሊቱን አልተኙም መሰለኝ፤ ክዳኑን ማን እንደሰበረው ለሐዋ ቀድመው ነግረዋቸዋል። ሐዋ የዘሐራን እጅ እንደያዙ ነው ጥያቸው የወጣሁት።

ቤት

እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ጠበቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሟ እንዴት ሲነሳ እንደኖረም አልደበቅኋትም። «ይኸንን አልሰማሁም ነበር» አለች ቀስ ብላ። በመጨረሻ የዘሐራን መልእክት አደረስኩ።

«ክዳኑ ተሰብሮባታል፣ እማዬ። ያልጠራችሽ አፍራ ነው። አውፍ ትበለኝ ብላለች።»

«መሰበሩንስ አውቃለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«አንድ ተማሪዬ ለትምህርት መጥቶ ነገረኝ፤ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት። ዘሐራ ክዳን ፍለጋ ደሴ ድረስ ወረደች አለኝ። እኔ ከሄድኩ ክዳኑን ማውጣቷ አይቀርም። አውጥታ ፊቴ ልታፍር ነው። እሷን ከማሳፍር ብዬ ቀረሁ። ዘንድሮ ትረሳዋለች፣ ለከርሞ እሄዳለሁ ስል…»

የሁለት ወንድማማቾች ጠብ አንድን ቤት ለሁለት ሲከፍል ይገባኛል። እነዚህ ሁለቱ ግን የተለያዩት በመከባበር ነው። ይሉኝታን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ጨዋነት ተምሬዋለሁ፣ ለልጆቼም አስተምሬዋለሁ። ከዚህ ጉዞ የተመለስኩት ይህን ትምህርቴን እየተጠራጠርኩ ነው፤ አንዲት ቃል ብትነገር ኖሮ ሃምሳ ዓመት ይተርፍ ነበር።

እናቴ ቀና አለች።

«መንገዱ አሁን እንዴት ነው?»

እውነቱን ነገርኳት። ኮረኮንቹን፣ የጉጉፍቱን ብርድ፣ ፍተሻውን፣ እስካሁን የሚያመኝን ወገቤን።

«እኔ ከአቀስታ ወዲያ በበቅሎ ነበር የገባሁት» አለችኝ። «ወፍራሙን ሹራቤን አውጪልኝ።»

ሐኪሟ ዘንድ ደውዬ ጠየቅሁ። በፍጹም አይሆንም አለኝ። ሐሙስ እንነሳለን።