ባቡሩ ድሬ ያላደረበት ቀን

ኳስ አልወድም። ድሮም አልወድም ነበር። ሃያ ሁለት ጎረምሳ አንድ ቆዳ ተከትሎ ሲሮጥ ማየት ምኑ እንደሚያስደስት እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም። ስለዚህ ስለዚያ ጨዋታ የምጽፈው ሙያ ቢጎድለው አትፍረዱብኝ። ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ማን ማንን አታሎ እንዳለፈ አላስታውስም። የማስታውሰው ዝናቡን፣ ጭቃውን፣ የወንድሜን ቀይ ሹራብና አባቴ ከግቡ ኋላ ቆሞ የሳቀውን ሳቅ ነው።

ወንድሜ የሠፈራችን ቡድን በረኛ ነበር። ሹራቡን ከአባቴ ነው የወረሰው፤ አባቴ ደግሞ ከደጋ ሲመጣ ይዞት መጥቶ፣ የድሬን ሙቀት ካየ በኋላ ሳጥን ውስጥ ቀብሮት ነበር። በሠፈራችን ሹራብ ለብሶ የሚታይ ሰው ወይ ወባ ይዞታል ወይ በረኛ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። አባቴም ከቀልዱ አይቀርም። እሱ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው በረሃ ላይ ብረትና ድንጋይ ሲያነሳ ነው። «የሰው ልጅ ይሮጣል፤ የእኔ ልጅ ቆሞ በር ይጠብቃል» እያለ ያላግጥበታል። ይበል እንጂ አንድም ቀን ሜዳ ሄዶ አይቶት አያውቅም። ጨዋታ ባለበት ቀን ሁሉ እሱ ወይ ኤረር ነው ወይ ሽንሌ። ይህ ነገር ወንድሜን ያንገበግበው ነበር፤ ለእኔ እንጂ ለሌላ ሰው ግን አልተነፈሰም።

ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ቀበሌዎች ወጣት የሚመለምሉበት ጊዜ ነበር። የወንድሜም ተራ ደረሰ። ከእኛ ሠፈር ብዙዎቹ የቡድኑ ልጆች ተመለመሉ፤ ከደቻቱ ማዶ ካለው ሠፈርም እንዲሁ። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ እንለዋለን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። እነዚህ ሁለት ሠፈሮች በየዓመቱ ኳስ ይጋጠሙ፣ ዓመቱን ሙሉም ይሰዳደቡ ነበር። አሁን ግን ሁሉንም የሚወስዳቸው አንድ ባቡር ሆነ።

ሊሄዱ በተባለበት ዋዜማ ሰማዩ ተቀደደ። ድሬ ላይ ዝናብ ሲጥል ሰው ከቤት የሚወጣው ለመሸሽ ሳይሆን ለመመታት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያለ ልክ ጣለና የወጣውም ተመልሶ ገባ። ደቻቱ ሞልቶ ሲያጓራ አደረ። በማለዳ ከባቡር ጣቢያ የተላከ ሰው በራችንን መታ። ጎርፍ ወደ ኤረር በሚወስደው መንገድ ላይ የሐዲዱን ሥር ጠርጎታል አለ። ከአዲስ አበባ የመጣው ባቡርም ከነመንገደኛው ከተቆረጠው ቦታ ወዲያ ቆሟል። ምልምሎቹን ጭኖ የሚመለሰው ያው ባቡር ነበር።

እናቴ ቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ደቻቱ በሞላ ቁጥር ዕቃዋ ስለሚበላሽባት ጎርፍን ስትረግም ነው የማውቃት። ያን ቀን ግን እጆቿን ዘርግታ መረቀችው። «ተመስገን፤ ጨምርበት» አለች። አባቴ ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ አያት እንጂ አልተቆጣም። ሥራው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቀችው። ዛሬ የሚያልቅ አይደለም፣ ምናልባት ነገ ከቀትር በኋላ አላት። እንዲህ ሲላት ፊቷ በራ። አንድ ራት፣ አንድ ቁርስ፣ አንድ ምሳ አተረፈች ማለት ነው። እናት ከሆነ ሰው ጋር በእንዲህ ያለ ሒሳብ አይከራከሩም።

እስከ በሩ ተከተለችው።

«እባክህ ቀስ ብላችሁ ሥሩ» አለችው።

«ባቡሩ ውስጥ ሰው አለ እኮ። ሕፃናት አሉ፤ በረሃ ላይ ያለ ውኃ ቆመዋል።»

«የእኔስ ሕፃን አይደለም?»

ወንድሜ ከእነሱ ኋላ ቆሞ ነበር፤ በባቡሩ መዘግየት ምክንያት የሁለቱ ሠፈር ልጆች የዓመቱን ጨዋታ ከሰዓት በኋላ እንዲጫወቱ ቀበሌ መፍቀዱን ሊነግር ፈልጎ ፋታ ያጣ ልጅ ይመስላል። እንደምንም ተናገረው። «አንድ ቀን እንኳ መጥተህ አላየኸኝም አባዬ» ብሎ ጨመረበት። አባቴ የሥራ ነገር እንደማይታወቅ ነግሮት ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞረና፣ «እስቲ እሞክራለሁ» አለው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ሜዳው ከሐዲዱ ጎን የተንጣለለ ባዶ ቦታ ነበር፤ በደህናው ቀን አቧራ ነው፣ ያን ቀን ሊጥ ሆነ። አሸዋ ላይ ያደጉ ልጆች ጭቃ ላይ መቆም አያውቁም። ገና ኳሱ ሳይነካ ሁለት ሰው ወደቀ። የመስመሩ ኖራ ታጥቦ ስለሄደ ኳሱ ወጣ አልወጣም የሚለው ክርክር የሚያልቀው በጩኸት ብዛት ነበር። የማዕዘን ባንዲራ አልነበረንም፤ ምልምሎቹ እንዳያመልጡ የመጡት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አንግተው በየማዕዘኑ ቆመው ነበርና እነሱን አደረግናቸው። ሽማግሌዎች ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተከናንበው በሐዲዱ ላይ ተደርድረዋል። እኔም ዣንጥላ ይዤ ከወንድሜ ግብ ኋላ ቆምኩ። የመጣሁት ጨዋታውን ልይ ብዬ አይደለም። እሱን ልይ ብዬ ነው።

የሁለቱ ቡድን መለያ ቀለሙ የተለየ ነው ይባል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ጭቃ ለበሰ፤ የገዛ ጓደኛቸውን ኳስ የሚነጥቁ ልጆች አየሁ። መጀመሪያ ተሳሳቁ። በኋላ ግን ሳቁ እየቀነሰ ሄደ፤ በምር ይጫወቱ ጀመር። ያቺ ጨዋታ የመጨረሻቸው እንደሆነች፣ የሚቀጥለው ዓመት እንደሌለ የሚያውቁ ነበር የሚመስሉት። እኔ ኳስ የማልወደዋ እንኳ፣ አያልቅም ቢሉኝ እመርጥ ነበር።

ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲደርስ በሐዲዱ ላይ የጠጋኞቹ ትንሽ ጋሪ መጣችና ገና ሳትቆም አባቴ ዘሎ ወረደ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ከአናቱ እስከ ጫማው ጭቃ ነው። አጠገቤ መጥቶ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ «አላለቀም አይደል?» አለኝ።

ወንድሜ አየው። ከዚያ በኋላ ያለው እኔም የገባኝ ብቸኛ የኳስ ነገር ነው። ከደቻቱ ማዶ የመጣው ረጅሙ አጥቂ ብቻውን አምልጦ መጣና ኳሷን ከቅርብ መታት። ወንድሜ በጭቃው ላይ ተንሸራቶ፣ በአንድ እጁ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አወጣት። ሜዳው ሁሉ ጮኸ። አባቴ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ ዝናቡ አፉ ውስጥ እየገባ ሳቀ። «አቦ፣ ይሄ ልጅ በር ይጠብቃል!» አለ።

ሥራው ነገ ነው የሚያልቀው ብሎ እንደነበር አስታወስኩት። «ልድረስ ብዬ ነዋ» አለኝ። ጠጋኞቹን ምሳ እንኳ ሳያስበላ ሲያጣድፋቸው ዋለ፤ ሐዲዱን በድንጋይና በእንጨት ደግፈው፣ ባቡሩ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ አደረጉት። ታዲያ ባቡሩ መጣ ማለት ነው? አልኩት። ፊቱ ላይ ቅንጣት ፍርሃት አልነበረም።

«ቢመጣስ? ባቡር ድሬ ሳያድር ተመልሶ አያውቅም። ነገ ጠዋት ነው የሚሄዱት። እናትሽም ራቷን ታበላዋለች።»

እውነቱን ነበር። እኛ የባቡር ልጆች ነን፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ባቡር ድሬ አድሮ እንደሚመለስ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያህል የምናውቀው ነገር ነበር። አባቴ በዚያ ሕግ ዕድሜውን ሠርቷል፤ ሕጉ የባቡሩ እንጂ የጦሩ እንዳልሆነ ግን ማንም አልነገረው። የባቡሩ ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ እሱ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነበር። ባቡሩ መንገደኞቹን እንደጫነ በአጠገባችን ቀስ ብሎ አለፈ፤ መስኮቱ ላይ እናቱ ያቀፈችው ሕፃን ጭቃ የለበሱትን ልጆች አይቶ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁ።

ብዙ ሳይቆይ አንድ መኪና ጭቃውን እየረጨ ሜዳው ውስጥ ገባ። የወረደው ሰው የቀበሌያችን አልነበረም። ለአብዮት ጠባቂዎቹ አንድ ነገር ተናገረ፤ አራቱም የማዕዘን ባንዲራዎቻችን ወደ መሃል ተንቀሳቀሱ። ምልምሎቹ እንዳሉ ተሰልፈው ወደ ጣቢያ እንዲሄዱ ታዘዙ፤ ባቡሩ አያድርም፣ አሁኑኑ ይመለሳል ተባለ። ማንም አልሮጠም። ያ ሁሉ ጭቃ እያለ የት ይሮጣል?

አባቴን ያን ጊዜ አላየሁትም፤ ላየው ፈራሁ። ወንድሜ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ እኛ መጣ፤ ጠባቂው ዝም አለው። አባቴ ከአንገቱ ፎጣውን ፈታና የልጁን ዓይን ከጭቃው ጠረገለት፤ ዓይኑን ብቻ።

«አየኸኝ አይደል አባዬ?»

«አየሁህ» አለው።



እኔ ዣንጥላውን ጥዬ ወደ ቤት በረርኩ። እናቴ የራቱን ሽንኩርት ከትፋ፣ ለስንቅ የሚሆነውን በሶ ገና እየነፋች ነበር። ነገርኳት። እጇን እንኳ ሳትታጠብ ተነሳች። ጣቢያው ደጃፍ ስንደርስ አጥሩ በእናቶች ተሞልቷል፤ ማንም ወደ ውስጥ አይገባም። ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። በየመስኮቱ ልጆቹ ተደራርበው ይታያሉ፤ የእኛ ሠፈርም የማዶውም፣ ሁሉም ጭቃ ለብሰው አንድ መልክ ሆነዋል።

«ቀዩን ሹራብ ፈልጊልኝ» አለችኝ እናቴ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ቀዩን ፈልጊልኝ።»

ፈለግኩ። ቀይ የሚባል ነገር አልነበረም። ከመስኮቶቹ ብዙ እጆች ይወዛወዛሉ፤ እናቴም የትኛው የእሷ እንደሆነ ሲጠፋት ለሁሉም ማወዛወዝ ጀመረች። የበሶ ዱቄት በእጇ ላይ በዝናቡ እየቀለጠ፣ የመጨረሻው መስኮት እስኪያልፍ ለእያንዳንዱ እጇን አነሳች። ወንድሜ ያያት ወይም ያላያት መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አልተመለሰም። መርዶም አልመጣልንም፤ ደርግ ወድቆ ወታደሩ ወደየቤቱ መግባት ሲጀምር ነው ያወቅነው። የነገረን ያ የማዶው ረጅም አጥቂ ነው፤ ሰሜን ላይ አብረው ነበሩ። በአንድ እግሩ እያነከሰ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የመጣበትን ለመናገር አቃተውና መጀመሪያ ስለ ኳሱ ጀመረ። «ወላሂ እማማ፣ ያቺን ኳስ እንዴት እንዳወጣት እስከ ዛሬ አልገባኝም» አለ። ከዚያ አለቀሰ፤ እኛም ነገሩ ከለቅሶው ገባን።

እናቴ ከባቡሩ ቀን ጀምሮ አንድ እርግማን ነበራት። ራት ላይ ስንቀመጥ፣ ባዶውን ቦታ ስታይ ትረግማለች፤ «ያን ቀን ያን ሐዲድ ያጣደፈ ሰው እጁ አይባረክ» ትላለች። አባቴ ጉርሻውን ያስቀምጥና «አሜን» ይላል። ከዚያ ይበላል። ሐዲዱን የጠገኑት ከወዲያ በኩል የመጡ ሌሎች ሠራተኞች ናቸው ብሎ ነግሯት ስለነበር፣ የምትረግመው ማንን እንደሆነ አታውቅም ብዬ አምን ነበር። ሜዳ ላይ የነገረኝን ለማንም አልተናገርኩም። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን፤ እሷ ትረግማለች፣ እሱ አሜን ይላል፣ እኔ ወጥ እጨምራለሁ።

አባቴ የሞተው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እኔና እናቴ ብቻችንን ራት ቀረብን። አሁን ሁለት ባዶ ቦታ አለ። እርግማኑን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም፤ በሳምንቱም። አንድ ቀን ከአፌ አመለጠኝና የዱሮውን እርግማን ምነው ተወሽው አልኳት።

«ማንን ልርገም?» አለች። «ሞተ እኮ።»

ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቅኳት። በዚያው ምሽት ፎጣውን ስታጥብ ከጭቃው ጋር የልጇን ቀይ ሹራብ ክር አገኘችበት፤ ሜዳ ደርሶ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ቸኩሎ ባይሠራ ኖሮ እንደማይደርስም ለማወቅ የሐዲድ ሠራተኛ መሆን አላስፈለጋትም። ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እያወቅሽ ለምን ፊት ለፊቱ ትረግሚው ነበር? አልኳት።

እንጀራውን ቆርሳ ሳትበላው ያዘችው።

«ካልረገምኩት እህል አይበላም ነበር» አለች። «አንድ ቀን ይቅር ብዬ ዝም ብል ራሱን ሲረግም ሰማሁት፤ የእሱ ከእኔ ይከፋ ነበር። ልጁን ሊያይ ነው እኮ የቸኮለው። እሱስ አየው፤ እኔ ግን ልጄን አላየሁትም።»