ጋሼ ሽመክት ግቢያቸውን የከፈቱ ዕለት

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ጋሼ ሽመክትን የማይፈራ ሰው አልነበረም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሕዝቡ ጓሳን እንደ ጥንቱ መጠበቅ ሲጀምር፣ ጠባቂ ሆነው ከተመረጡት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጓሳ የጋራ መሬታችን ነው። ሣሩ እስኪጠና ለዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ ቀን ተቆርጦ "ተከፍቷል" ተብሎ ሲታወጅ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከአዋጁ በፊት የተገኘ ግን ወዮለት! ጋሼ ሽመክት ዘመድ አያውቁም፣ አበልጅ አያውቁም። የገዛ ሚዜያቸውን በጎች ከጓሳ ነድተው ለሽማግሌ ያስረከቡ ሰው ናቸው።

ቤታቸው ሰው የሚመጣው ለሚስታቸው ለእትዬ አሰጋሽ ሲል ነበር። እትዬ አሰጋሽ እጃቸው ያረፈበት ሁሉ ይበቅልላቸዋል። በመንገዱ ዳር ባለው ሰፊ ግቢያቸው ጽጌረዳ፣ ጦስኝና ኮሶ ተክለው፣ ከኮሶው ሥር የድንጋይ መደብ አሠርተው፣ ያለፈ ያገደመውን "ኧረ አረፍ በሉ!" ይሉ ነበር። በሚሌኒየሙ ዓመት ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። ተዝካሩ እስኪወጣ ሰው መጣ፤ ከወጣ በኋላ ግን ጋሼ ሽመክትን "እንዴት አደሩ" የሚል ጠፋ። ክረምቱን ከራሳቸው ጋር ሲያወሩ ከረሙ። የዘሩትን ነው ያጨዱት ቢባልም፣ እውነቱን ለመናገር አንጀት ይበሉ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አጥራቸውን አፈረሱ፣ በሩንም ነቀሉት። ግቢው ለሚስታቸው መታሰቢያ፣ ለሕዝቡም ማረፊያ እንዲሆን ቆርጠው ነበር፤ ገበያተኛ ይረፍበት፣ ተማሪ ያጥናበት ብለው። ማለዳ ማለዳ መደቡን ጠርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። ማንም አልገባም። እንዲያውም ገበያተኛው እዚያ ሲደርስ መንገዱን ተሻግሮ በወዲያኛው ዳር ያልፋል።

"በሩን የነቀለው እኮ ሊይዘን ነው" ይሉ ነበር አንዳንዶቹ። "እግርህን ስታስገባ ከኮሶው ጀርባ ብቅ ይልሃል።"

እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ግን የሚደፍር የለም። ጽጌረዳው ፈክቶ ረገፈ፣ እንደገናም ፈካ። ሣሩ እስከ ጉልበት ደረሰ።

በመጨረሻ ጎረቤታቸው አስተማሪው ወሰኔ ጨከነና ነገራቸው።

"ጋሼ፣ ሰው እርስዎን የሚያውቀው በመከልከል ነው። ሳይታወጅ ማን ደፍሮ ይገባል?"

"እውነትህን ነው" አሉ ጋሼ ሽመክት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆመው፣ የሚያውቁትን ብቸኛ አዋጅ አወጁ።

"ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ግቢዬ ከነገ ጀምሮ ተከፍቷል! ማንም ይግባ፣ የሚከለክል የለም!"

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ግቢው ሞላ። ጋሼ ሽመክት ከቤት ብቅ ሲሉ ሰው በሰው ላይ ነው፤ ሁሉም ማጭድ ይዟል። አህያ አስከትሎ የመጣም አለ። ምን ይደረግ? መንዝ ውስጥ መሬት በአዋጅ የሚከፈተው ለአጨዳ ነው፤ ሰው እንዲቀመጥበት ብሎ መሬት የከፈተ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም።

"ማነህ አንተ!" ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ያወጁት ራሳቸው ናቸው። ሣሩ ታጨደ፣ ጦስኙ አብሮ ታጨደ፣ ጽጌረዳውም ከሣሩ ጋር በአንድ ነዶ ታሰረ። ሸክሙን ያነሣ ሁሉ "እግዜር ይስጥልን! የእትዬ አሰጋሽን ነፍስ ይማር!" እያለ ወጣ። ለካስ ደግ ሰው ናቸው እየተባባሉ ሄዱ። ረፋዱ ላይ ግቢው የተላጨ ራስ መስሎ ቀረ። በሚስታቸው ቀብር ላይ እንባ ያልወጣቸው ሰው፣ ኮሶው ሥር ቆመው አለቀሱ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዓለሚቱ መጡ። ከመንገዱ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በሩ በነበረበት ቦታ ቆመው "ቤቶች!" አሉ።

"ዘገዩ፣ እትዬ ዓለሚቱ" አሉ ጋሼ ሽመክት፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው። "ሣሩ አልቋል።"

"የምን ሣር? ማጭዴን ያኔ ጓሳ ላይ ነጥቀውኝ መቼ መለሱልኝና ነው የማጭደው? ማንም ይግባ ሲሉ ሰምቼ፣ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው።"

ገብተው ከኮሶው ሥር መደቡ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው "አይ አሰጋሽዬ፣ ነፍሷን ይማረው" አሉ።

ጋሼ ሽመክት ማጭዱን አልረሱትም። እጀታው በቆዳ የተጠቀለለ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግድግዳቸው ላይ ተሰክቶ ኖሯል። ሊመልሱላቸው ቤት ገብተው አወረዱት። ደጃፉ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። በፈረሰው አጥር ጥግ ጥግ ገና ያልታጨደ ሣር አለ። ማጭዱን ከሰጧቸው ተነሥተው ያንን ያጭዳሉ፤ አጭደውም ይሄዳሉ።

ማጭዱን ቦታው መልሰው ሰቀሉት። ባዶ እጃቸውን ወጥተው ከመደቡ ሌላኛው ጫፍ ተቀመጡ።