አባቴ «ነጡ» ያሏቸው ዓሦች

አኳሪየሙን ያገኘሁት ቡይት ራስ አጠገብ ካለ አንድ ሎጅ ነው። እንግዳ ጠፍቶ ዕቃቸውን ሲሸጡ ሰው ሁሉ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሲያነሳ፣ እኔ ባዶውን መስታወት ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ አራት ቀያይ ዓሦች ያሉበትን ባልዲ በእግሬ መሃል ይዤ በባጃጅ ደባርቅ ገባሁ። ጎረቤቶቼ መቼ እንደምጠብሳቸው እየጠየቁ ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ሰው የሳቀበትን ነገር ሳላሳምር አልተውም።

አባቴ ከዳባት ወደ እኔ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን መኖር አልሆነላቸውም። ቄስ ናቸው። ሲመጡ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቤቴ በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ሰሞነኛ ሆነው፣ ተራቸው በደረሰ ሳምንት መቅደስ ገብተው ማገልገል። ጎንደር ያለው ወንድሜ «አርጅተዋል፣ ይረፉ» ባይ ነበር፤ እንዲያውም ለደብሩ አለቃ ስልክ ደውሎ ነግሯቸዋል። ይህን ስሰማ ነጠላዬን አጣፍቼ አለቃው ዘንድ ሄድኩና «ዓይናቸውም እግራቸውም ደህና ነው፣ እኔ አለሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። አባቴ «ከመቅደስ ከወጣሁማ ምን ቀረኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ልጅ አለ?

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ መቀመጥ ይወዱ ነበር። አንድ ቀን እዚያው እንደተቀመጡ «ልጄ፣ እነዚህ ዓሦችሽ ነጡሳ» አሉኝ።

ጎንደር ዓሣ የሚሸጥ ሰው ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። ሰውዬው ወሬ ይወዳል። ዓሣ ጨለማ ውስጥ ከከረመ ቀለሙ ይሸሻል አለኝ፤ የእኔ መስታወት ከበሩ ጀርባ ጥግ ላይ ነበር። ከሥሩ ነጭ ጠጠር ካለ ከመሬቱ ለመመሳሰል ይገረጣል አለኝ፤ እኔ ያምራል ብዬ ነጭ ጠጠር አንጥፌያለሁ። ቀዩን ቀለም ደግሞ ከሚበላው ነው የሚያገኘው፤ ዳቦ ብቻ የሚበላ ዓሣ ከየት አምጥቶ ይቀላል? ውሃው በድንገት ሲቀየርበትና ሲደነግጥም ይደበዝዛል። «አንዳንዱ ግን ዘሩ ነው፤ ምንም ብታደርጊለት ሲያድግ ይነጣል፣ ራስሽን አትውቀሺ» ብሎ ጨረሰ። ራሴን የምወቅስ መስሎት።

ዕለቱን ሥራ ጀመርኩ። መስታወቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ እንዳይመታው ስስ መጋረጃ ሰቀልኩ። ነጩን ጠጠር አውጥቼ ጥቁር የወንዝ ጠጠር ለቅሜ አነጠፍኩ። የቧንቧ ውሃውን በባልዲ እያሳደርኩ ትንሽ በትንሽ መቀየር ጀመርኩ። ካሮት ቀቅዬ እየፈጨሁ ሰጠኋቸው። የእንቁላል አስኳልም ጥሩ ነው ተብዬ ነበር፤ ነገር ግን ጾም ስለነበረ እንቁላል መቀቀሉ ከበደኝና አባቴን ጠየቅኋቸው። «ዓሣ መች ተጠመቀና ነው የሚጾመው፤ ስጫቸው» አሉኝ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ ቀለም አውቃለሁ ባይ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ቆሜ፣ ዓሦቹን በስልኬ እያነሳሁ በከለር ፕሪንተር አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በሁለተኛው ወር ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም ነበር። በርበሬ መስለዋል። የሳቁብኝ ጎረቤቶች ሳይቀሩ መጥተው አደነቁ።

«አባባ፣ አሁንስ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«ያው ነጭ ናቸው» አሉ። «እንዲያውም ብሶባቸዋል።»

ፎቶዎቹን ከግድግዳው ነቃቅዬ ፊታቸው ደረደርኩላቸው። ወረቀቱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «ወረቀት ምን ያውቃል» ብለው መለሱልኝ። ማታ ለወንድሜ ደውዬ አባታችን ነገረኛ ሽማግሌ ሆነዋል ብዬ አማኋቸው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መስታወቱን ላጥብ ብዬ ዓሦቹን በሳፋ አድርጌ ጓዳ አስቀመጥኳቸው። አጥቤ ጨረስኩ፣ ጠጠሩን መለስኩ፣ ውሃ ሞላሁበት፤ ውሃው እስኪረጋ ብዬ ግን ዓሦቹን አልመለስኳቸውም። አባቴ ከውጭ ገቡና ከወንበራቸው ተቀመጡ። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«ዛሬስ ቀላ ብለዋል» አሉ። «ልፋትሽ ከንቱ አልቀረም። ያ ትልቁማ አላስቀምጥ ብሏቸዋል።»

መስታወቱ ውስጥ ከውሃና ከጠጠር በቀር ምንም አልነበረም። የማጥቢያ ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«አባባ፣ ዓሦቹ ጓዳ ናቸው» አልኳቸው።

እጃቸውን ይዤ በረንዳ አወጣኋቸውና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ቀና አድርጌ ዓይናቸውን አየሁ። ሁለቱም ብሌናቸው ነጥቷል፤ የግራው ጨርሶ አሬራ መስሏል። የዓሣ ቀለም በየሳምንቱ እያተምኩ የምለጥፍ ሴት፣ ከአባቴ ጋር ማዕድ እየቆረስኩ ዓይናቸውን አላየሁም። እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚያገለግሉት?» አልኳቸው ስረጋጋ።

«ቅዳሴውን በቃሌ ነው የማውቀው። መጽሐፉን እገልጣለሁ እንጂ አላየውም። መንገዱንም እግሬ ለምዶታል» አሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ሰሞናቸው ነበር። «እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ለአለቃው አትንገሪብኝ» ብለው ለመኑኝ። አባቴ በዕድሜዬ ሙሉ ለምነውኝ አያውቁም።

ልቤ ሊሸነፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ነገር ግን መቅደስ ውስጥ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ሲደናቀፉ ታየኝ። «እኔ አልናገርም፤ ራስዎ ይነግሯቸዋል» አልኳቸው። «አንድ ቀን ከእጅዎ ቢወድቅ ከዚያ በኋላ መኖር አይችሉም።» ለአባት የሚባል ቃል አልነበረም። ግን አልኩት።

ከሰዓት በኋላ አለቃው ቤት ሄድን። አባቴ እንደቆሙ፣ ሳያቅማሙ፣ ዓይኔ ጠፍቷል ብለው ተናገሩ። አለቃው እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

«መምሬ፣ እኛማ ካወቅን ቆየን» አሏቸው። «ንፍቅ አድርገን እንጂ ዋና አድርገን የመደብንዎ መች ነው? ዲያቆኑስ ከአጠገብዎ የማይጠፋው ለምን ይመስልዎታል? እንዳይከፋዎ ብለን ነው እስኪነግሩን የጠበቅን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም የምታውቂ መስሎን ነበር። አንድ ቤት ነው የምትኖሩት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህ ሁሉ ካህን ያየውን እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት፤ ያውም ደህና ናቸው ብዬ የመሰከርኩት እኔ። አለቃው እስኪታከሙ ድረስ መቅደስ እንዳይገቡ፣ ቦታቸው ግን እንደሚጠብቃቸው ነገሯቸው። አባቴ እሺ ብለው ጎንበስ አሉ። ኋላ ጎንደር ወስደናቸው የቀኙ ዓይናቸው በርቶላቸዋል፤ ወደ ሰሞናቸውም ተመልሰዋል።

ያን ቀን ስንመለስ ግን ክንዴን ያዙኝ። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ይዘውኝ አያውቁም። ትንሽ እንደሄድን «ለመሆኑ ዓሦቹ እውነት ነጥተው ታይተውዎት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መጀመሪያ እውነት ነጡብኝ» አሉ። «ኋላ ግን ከብርሃኑ በቀር የሚታየኝ የለም። አንቺ እነሱን ስታዪ እኔን አታዪኝም፤ ስለዚህ ነጡ እያልኩ እነግርሽ ነበር።»

ከፊታችን ቦይ ነበረ። «እዚህ ጋ እግርዎን ያንሱ» አልኳቸው።