ራንድ ሲጠነክር፣ ራንድ ሲደክም

ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ በነበረባቸው ዓመታት ቤታችን ውስጥ የሚታመምና የሚድን፣ ግን ማንም አይቶት የማያውቅ አንድ ቤተሰብ ነበረን፤ ራንድ፣ የደቡብ አፍሪካ ገንዘብ። እናቴ ጠዋት ተነስታ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ "ራንድ እንዴት አደረ?" ትላለች። አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ "የሚያወሩት ስለ ዶላር ነው፤ ስለ እሱ ማን ያወራል" ይላታል። "ታዲያ ዶላርን ጠይቅልኛ፤ ጎረቤቱ አይደለም እንዴ?" ትለዋለች። እንስቃለን። ሳቃችን ግን የአንገት በላይ ነበር።

ነገሩ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ በኋላ የሆነ ነው። የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ ሐይቆቹ ቁልቁል ከሚታዩበት ጫፍ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ በኬንያ በኩል አድርጎ ስንት መከራ አይቶ ጆሃንስበርግ ገባ፤ እዚያም ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሲሄድ ለእናቴ ቃል ሰጥቷት ነበር። "ቤት እሠራልሻለሁ፤ ቤቱ ሲያልቅ እመጣለሁ።" እናቴ ቤት አልጠየቀችውም። ከተናገረው ሁሉ የያዘችው "እመጣለሁ" የሚለውን ብቻ ነው። ልጇ እንዲመጣ ቤቱ ማለቅ አለበት፤ ቤቱ እንዲያልቅ ደግሞ ራንድ መጠንከር አለበት። እንዲህ ሆነና የሰው አገር ገንዘብ ጤና የእኛ የቤት ጉዳይ ሆነ።

ከጭቃ ቤታችን ጎን የብሎኬቱ ቤት ግድግዳ እስከ መስኮቱ ድረስ ቆመ። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀልላት እናቴ በርጩማዋን ይዛ መዝጊያ በሌለው በር ትገባለች፤ እኔም እከተላታለሁ። ሳሎኑ ውስጥ ሣር በቅሏል። ዶሮዎቹ ይጭራሉ። ከጫካው የወጣ ዝንጀሮ አንዳንዴ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለቤት መስሎ ይቀመጣል። ደመናው ከጨንቻ ተራሮች ተነስቶ፣ በላያችን ቀስ ብሎ አልፎ ወደ ዓባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ ጥላው ወለሉ ላይ ሲሄድ ቤቱ ራሱ የሚንሳፈፍ ይመስለኛል።

"አልጋው እዚህ ጋ ነው የሚሆነው፤ ራስጌው ወደ ሐይቁ" ትለኛለች።

"ጠዋት ፀሐይዋ ፊቱን ብትመታውስ?"

"ትምታው! ድሮም እንቅልፋም ነው፤ ትቀስቅሰው።"

እውነት የተኛ ያህል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው። ያንን ሰዓት እስካሁን እወደዋለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ወንድሜ ጣሪያም መዝጊያም ሳይኖረው ይኖር ነበር።

ራንድ ለምን እንደሚጠነክር ያስረዱን ታች ከተማው፣ ሲቀላ ገበያ ያሉ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። ከስልጤ የመጡ፣ ሰው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የምንገዛቸው ሰው። የእሳቸውም ታናሽ ወንድም ጆሃንስበርግ ስለነበር ወሬው ቀድሞ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። አንድ ቀን እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ሐጂ፣ ለመሆኑ ይሄ ራንድ ምን ሲያገኝ ነው የሚበረታው?" አለቻቸው።

ሐጂ ሳቁ፤ ግን አልናቋትም። "የምዕራብ ዓባያን ሙዝ ታውቂ የለም እንዴ? መንገድ ዳር የቆመው መኪና አንድ ብቻ ከሆነ ገበሬው የተባለውን ዋጋ ይቀበላል። ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም መጥተው ከተደረደሩ ግን ዋጋ ቆራጩ እሱ ነው። ገንዘብም እንደዚያው ነው። እነዚያ የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ወርቅ አላቸው። ወርቃቸውን የፈለገ ሰው ዞሮ ዞሮ ራንዳቸውን መፈለጉ አይቀርም። ፈላጊ ሲበዛ ራንድ ይወደዳል።"

"ወርቅ ብቻ ነው?"

"ወርቅ ብቻማ አይደለም። ባንካቸው ወለድ ሲጨምር የዓለም ሀብታም ገንዘቡን እዚያ ማስቀመጥ ያምረዋል፤ ለዚያም ራንድ ይገዛል። አገሩ ሰላም ነው፣ መንግሥቱም ይታመናል ሲባል እንዲሁ። ረብሻ አለ ከተባለ ግን፣ ወላሂ፣ እንደ ገንዘብ ፈሪ የለም፤ ብድግ ብሎ ይሄዳል።"

በባጃጅ ሽቅብ ወደ ሴቻ ስንመለስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሐይቁን ተከትሎ ማለቂያ የሌለው የመኪና ሰልፍ ታየኝ። የማላውቃቸው አገሮች ሰዎች ከመኪናቸው እየወረዱ በማላውቀው ቋንቋ "ራንድ አላችሁ? ራንድ አላችሁ?" ይላሉ። በመካከላቸው ወንድሜ ትንሿን ሱቁን ከፍቶ ቆሟል። ማንም ግን ወደ እሱ አይዞርም። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲያናጋኝ ነቃሁ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ጸሎቷን ቀየረች። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተደግፋ፣ "አምላኬ፣ የእነዚያን ሰዎች ወርቅ አስወድድልኝ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከንፈሬን ነክሼ ነው ሳቄን የያዝኩት።

አንድ ጠዋት ደግሞ ሬዲዮው የእኛ ብር ከዶላር አንጻር ያለው ዋጋ ዝቅ መደረጉን ተናገረ። አባቴ የእርሻ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙን የሚቀበለው በብር ነው፤ ፊቱ ጠቆረ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ "ምን ማለት ነው?" አለች። ወንድሜ የሚልከው ያው ገንዘብ ዶላር ሆኖ እዚህ ሲደርስ ከትናንቱ የበለጠ ብር ይሆናል አልኳት። ማሰሮዋን አስቀምጣ እልልታዋን አቀለጠችው።

"አንቺ ሴት፣ አበድሽ እንዴ? የገዛ አገርሽ ገንዘብ ወድቆ እልል ትያለሽ?" አለ አባቴ።

"ታዲያ ምን ላድርግ? ልጄ ያለው ከማዶ ነው!"

አባቴ ተቆጣ። የእኛም ብር ሊጠነክር የሚችለው ዓለም ከእኛ የሚፈልገው ነገር ሲበዛ ነው፤ ቡናው፣ ሰሊጡ፣ ቆዳው በብዛትና በጥራት ሲወጣ ነው እያለ ስብሰባ ላይ የቆመ ያህል ተናገረ። እናቴ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ልጄንስ? ልጄን ወስደው የለም እንዴ? እሱ ከወጣው ውስጥ አይቆጠርም?"

አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋ። "እሱማ ተቆጥሮ ነው በየወሩ የሚላክልን" አለ። ቁርሱንም ሳይበላ ወጣ።

በዚያ ሰሞን ራንድም ጠነከረ። የወርቅ ዋጋ ተሰቅሏል አሉን ሐጂ። ግድግዳችን ከመስኮቱ አለፈ፤ አናጢ እንፈልግ ጀመር። ወንድሜ ደወለ። "እማ፣ ራንድ አሁን አሪፍ ነው። እንዲህ በሆነበት ሰዓት ጥሎ መምጣት ሞኝነት ነው። ትንሽ ልሥራ።" እናቴ፣ "ደግ፣ ልጄ" አለችው። ከዚያ ራንድ ወደቀ። ወርቁ ቀዝቅዟል አሉ፤ ማዕድን አውጪዎቹም ሥራ አቁመዋል አሉ። ወንድሜ ደወለ። "እማ፣ ራንድ ሞቷል። በዚህ ምን ይዤ እመጣለሁ? እስኪያገግም ልጠብቅ።" እናቴ፣ "ደግ፣ ልጄ" አለችው። እንደገና ተነሳ፤ እንደገና ወደቀ። ሳሎኑ ውስጥ የበቀለችው ፓፓያ ቁመቷ እኔን አለፈ። እናቴ ፀጉሯ ሸበተ። እኔ ደግሞ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። የማን አገር ወርቅ ነው በወንድሜ ላይ እንዲህ የሚጫወተው! እሱ እኮ ወርቅ ነክቶ አያውቅም፤ የሚሸጠው ሳሙናና ብስኩት ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴም አብሮን ጣሪያ አልባው ቤት ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማ ከፈትኩት። ራንድ ሰሞኑን ተሽሎታል፤ ስለዚህ ምን እንደሚል አውቀን ጨርሰናል። እሱም ጀመረ፤ "እማ፣ አሁንማ ራንድ..."

እናቴ አቋረጠችው። ኦቾሎ በሚባል የጋሞ መንደር የተወለደች ሴት ናት፤ ከልቧ ስትናገር አማርኛውን ትታ በጋሞኛ ነው። እስከዚያ ቀን "ደግ" ብቻ ስትለው የኖረችው ሴት አልመሰለችኝም።

"ሲጠነክር አትመጣም። ሲደክምም አትመጣም። በየትኛው ነው የምትመጣው?"

ከማዶ ትንፋሹ መጣ። ስናውቀው ቀልደኛ የነበረው ወንድሜ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ነበር። እያለቀሰ ሁሉንም አወጣው፤ ሱቁ በረብሻ ከተዘረፈ ዓመት አልፎታል። የሚያድረው የሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ፣ እዚያው ካርቶን ላይ ተኝቶ ነው። ከዚያችው ደመወዝ ቀንሶ ነው ሲልክልን የከረመው። ሲጠነክር፣ ሲደክም የሚለው ሁሉ ይህንን ላለመናገር ነው።

"እማ" አለ፣ "ባዶ እጄን ብመጣ ታስገቢኛለሽ?"

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ትንሽ የተቆጣች ይመስል ነበር፤ ልጅ እያለን ምሳ አልበላም ስንላት እንደምትቆጣን።

"ስትወለድ ምን ይዘህ መጣህ?" አለችው።

ለጣሪያው የገዛነውን ቆርቆሮ ሐጂ በገዛንበት ዋጋ መልሰው ወሰዱልን፤ በዚያ የትኬቱን ሒሳብ ከፈልን። ወንድሜ ከአዲስ አበባ በመጣው አውቶቡስ መናኸሪያ ገባ፤ ከስቷል፤ ሻንጣ የለውም። ከአውቶቡሱ ወርዶ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ፤ ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። እናቴ ጉንጩን አልሳመችውም። እጆቹን አንድ በአንድ ከኪሱ አወጣችና መዳፎቹን ሳመቻቸው።