የጋሽ ወንዳፍራሽ እንግዶች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከኅዳር እስከ ፋሲካ ማግስት ባለው ጊዜ ነው። ሰው ስለ ኢንተርኔት ንግድ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ግን ቅር ይለኛል።

ሞላሌ ውስጥ ባና እሸጣለሁ። ባና ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው የአገራችን ብርድ ልብስ ነው። እሱን ለብሶ ያደረ ሰው ውርጭ መውረዱን የሚያውቀው ጠዋት በሩን ሲከፍት ነው። ዳሩ ግን የፋብሪካው ብርድ ልብስ ገበያውን ወሰደው፤ እኔም ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ የምውል ሆንኩ። እስከ ፋሲካ ካልተሻሻለ ሱቁን ልዘጋው ወስኜ ነበር። ሁለት ልጆቼን የማሳድገው በዚያው ሱቅ ስለሆነ፣ ውሳኔው እንቅልፍ የሚሰጥ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ለእኛ ለትናንሽ ነጋዴዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኟ ብዙ ነገር መከረችን። የዕቃችሁን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሱ፣ የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፣ ለጠየቃችሁ ደንበኛ ቶሎ መልሱ አለችን። እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን ስለ ካርታው የተናገረችው ነው። ሱቃችሁን ኢንተርኔት ካርታ ላይ ካስመዘገባችሁ፣ አገሩን የማያውቅ ሰው እንኳን በስልኩ እየተመራ በራችሁ ላይ ይቆማል አለች።

በእኔ ሱቅ በኩል ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ኢንተርኔት የፈለገ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ዳገት ይወጣል። እኔም በነጋታው ሱቄን ዘጋግቼ ወጣሁ። የሱቄን ፎቶ ከነአረንጓዴ በሩ ጫንኩ፣ የሥራ ሰዓቴን ጻፍኩ። ስልኬም የመጨረሻውን ጥያቄ አመጣ፤ አሁን ያሉበት ቦታ ይመዝገብ ወይ ይላል። ነፋሱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ነበርና ቶሎ «አዎ» የሚለውን ነክቼ ወረድኩ።

ወር ሳይሞላ ሰው መምጣት ጀመረ። ከደብረ ብርሃን መጡ፣ ከአዲስ አበባ መጡ፣ አንድ ጊዜም ከዓለም ከተማ አንድ ነጋዴ መጣ። ዋጋ ላይ ብዙ አይከራከሩም፣ ባናውን ዳበስ አድርገው ይገዛሉ። አንዳንዶቹ ሲወጡ ደግ ሰዎች ናችሁ ይሉኛል። ለወግ ያሉት እየመሰለኝ አሜን እላለሁ። ኩራቴም ጣራ ነካ፤ ለጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ የኢንተርኔት አስተማሪ ሆኜ አረፍኩት።

ጥር መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ከደብረ ብርሃን መጣች። የእንግዳ ማረፊያ ልትከፍት ነው፤ ለአልጋዎቿ ሃያ ባና አዘዘችኝ። ሃያ ባና ማለት ለእኔ ሱቁ አይዘጋም ማለት ነው። ደስታዬን ለመደበቅ ስታገል፣ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና፣

«አባትሽን እግዜር ይስጥልን በይልኝ። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ይዘውኝ ነው የወረዱት» አለችኝ።

አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ይህንኑ ነገርኳት። ሴትየዋም ደንግጣ ነገሩን ዘርዝራ ነገረችኝ። ስልኳ መርቶ ያደረሳት ወደ ሱቄ ሳይሆን ዳገቱ ላይ ወዳለ አንድ ቤት ነበር። አንድ ሽማግሌ ከደጅ ተቀብለው አስገቧት፣ ጠላ ቀዱላት፣ ቆሎ አቀረቡላት። ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ ይዘዋት ወርደው ሱቄን በጣታቸው አሳዩአት። እንዲህ የሚደክም አባት ነው እንጂ ሌላ ማን ነው ብላ አሰበች።

ያን ጊዜ ነው ነፋሱ ትዝ ያለኝ። ሱቄን ያስመዘገብኩት በሱቄ ደጃፍ ቆሜ ሳይሆን በሰው ደጃፍ ቆሜ ኖሯል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው።

በዚያው ቀን ሱቄ በር ላይ ቆምኩ፣ ኔትወርኩ እስኪመጣ ጠብቄ ቦታውን አስተካከልኩ። ሽማግሌውን ደግሞ ነገ ሄጄ አመሰግናለሁ አልኩ። ነገ የሃያው ባና ጣጣ መጣ። ፈታዮቹን ማባበል፣ ሸማኔዎቹን መለማመጥ፤ ነገ ሲገፋ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ትእዛዙን በቀጠሮው አስረከብኩ። ፋሲካ መጣ፣ ሱቄም አልተዘጋም።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጥበው ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። በሩን ወደ ላይ ወደ ታች አዩት። ስማቸው ወንዳፍራሽ እንደሆነና ቤታቸው ዳገቱ ላይ እንደሆነ ነገሩኝ። ገና ከመናገራቸው ፊቴ ጋለ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እንግዶቹ ከቀሩ ሦስት ወር ሊሆናቸው ነው። ሳላውቅ ያስቀየምኩት ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ልጠይቅሽ መጣሁ» አሉኝ።

ስህተቱ የኔ መሆኑን፣ አሁን መታረሙን፣ ሰዉ በቀጥታ ወደ እኔ እንደሚመጣ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ሄጄ አለማመስገኔን ስነግራቸው እንባዬ መጣ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ከዘራቸውን ከግድግዳው አስደገፉ።

«እንዲህ ከሆነስ ደግ። የኔ ጥፋት መስሎኝ ነው» አሉና ተቀመጡ።

ከዚያ ሁሉንም አጫወቱኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ስልካቸው ላይ ያለውን ፎቶ ሲያሳዩአቸው አረንጓዴውን በር አወቁት። ከዚያ በኋላ ስልኩን እያየ ዳገቱን የሚወጣ ሰው ሁሉ የእሳቸው እንግዳ ሆነ። ራሳቸው ለብሰው የሚተኙትን አሮጌ ባና እያወጡ፣ ስንት ክረምት እንዳሻገራቸው እየነገሩ እንግዶቹን ያስዳብሷቸው ነበር። ደንበኞቼ ለምን እንደማይከራከሩኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለጎረቤት ሴት ገብስ እየሰጡ ጠላ ያስጠምቁ ኖሯል፤ የመጨረሻው ጠላ ጠጪ አጥቶ ሆመጠጠ አሉኝ።

ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም አልኳቸው።

«የእግዜር እንግዳ ነው። ለማን ይነገራል?»

እውነቱን ልናገር፣ ቦታውን እንደነበረው ልመልሰው አስቤ ነበር። አልመለስኩትም። መንገድ የተሳሳተ ደንበኛ ከነገንዘቡ የሚመለስበት ቀን አለ፣ እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ። ዛሬም ለጠየቀኝ ነጋዴ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው፤ በሱቅህ በር ላይ ቆመህ አስመዝግብ፣ ኔትወርኩ ቢዘገይም ጠብቅ እላለሁ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ልጆቼን ይዤ እጠይቃቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል። ግን እንግዶቹን እንደሚጠይቁት አገርሽ የት ነው፣ ዘነበ ወይ፣ እህሉስ እንዴት ነው ብለው እኔን አይጠይቁኝም። ለሁለታችንም የዘነበው አንድ ዝናብ ነው። ጨዋታው ቶሎ ያልቅብንና ዓይናቸው ወደ መንገዱ ይሄዳል። ያን ጊዜ፣ ከማመስገኔ በፊት ቦታውን ማስተካከሌ ያሳፍረኛል።